ልጅ ያቦካው ለእራት ሲበቃ

የወጣቶች ክበብ ከመዝናኛነት አልፎ የሚያስተምረው ትምህርት

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። አባባሉ ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ልምድ የሌለው እጅ የጀመረው ሥራ ብዙ ጊዜ ከመንገድ ይቀራል፤ በሳል ሰው ያልመከረበት ነገርም መጨረሻው አያምርም። ይሁን እንጂ ተረቱ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ይኸውም፦ ልጁ ማቡካትን የሚማረው መቼ ነው? ዱቄቱንና ውሃውን አንድ ቀን እንኳ በእጁ ካልሰጡት፣ አድጎ የራሱን ቤት ባቆመ ጊዜ ሙያውን ከየት ያመጣዋል?

ይህ የማእድ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ስብሰባ መምራት፣ የሰው ገንዘብ ይዞ ሒሳቡን ሳያጎድሉ ማስረከብ፣ የተፈረደባቸውን ፍርድ በጨዋነት መቀበል፣ ከማይወዱት ሰው ጋር ተስማምቶ መሥራት፣ ቃል የገቡትን በቀጠሮው መፈጸም፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ወጣት ወደ ሥራ ዓለም ሲገባ በየቀኑ የሚፈተንባቸው ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ተገልብጠው የሚጠኑ አይደሉም። በየወላጆቻችን ቤት ደግሞ አዛዡ አባት ወይም እናት ነው፤ በትምህርት ቤት አዛዡ መምህር ነው። ወጣቱ ራሱ ኃላፊነት ተቀብሎ፣ ሠርቶ፣ ቢሳሳትም ታርሞ የሚማርበት ሦስተኛ ቤት ያስፈልገዋል። ይህ ሦስተኛ ቤት የወጣቶች ክበብ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ ያሰብነው ስለዚሁ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

የሱቅ ሠራተኞች የጀመሩት ነገር

የወጣቶች ክበብ ሲባል ብዙ ሰው ታላላቆች ለታናናሾች አዘጋጅተው የሰጡት መጫወቻ ይመስለዋል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1844 በሎንዶን ከተማ አሥራ ሁለት ወጣቶች ተሰብስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። የአሳቡ ጠንሳሽ ጆርጅ ዊልያምስ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ሥራውም በአንድ የጨርቅ መሸጫ ቤት ተቀጥሮ ማገልገል ነበር። በዚያ ዘመን ከገጠር ወደ ሎንዶን የሚጎርፈው ወጣት ሠራተኛ ከጧት እስከ ማታ በሥራ ተጠምዶ ይውላል፤ ሌሊቱን ከጓደኞቹ ጋር በጠባብ ክፍል ተጨናንቆ ያድራል። በቀረችው ጥቂት ትርፍ ሰዓት የሚጠብቀው ጎዳናና መጠጥ ቤት ነበር። ዊልያምስና ጓደኞቹ ለጸሎትና ለመልካም ወዳጅነት የመሠረቱት ያ ማኅበር በዓለም ሁሉ ተስፋፍቶ በአገራችንም ወ.ወ.ክ.ማ. በሚባለው ስም ታውቋል።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ የምናየው የቅርጫት ኳስ ጨዋታም የተወለደው በዚሁ ማኅበር ቤት ውስጥ ነው። በ1891 መጨረሻ በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ ክፍል፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባለው ከተማ በነበረው የማኅበሩ ማሠልጠኛ ያስተምር የነበረው ጄምስ ኔይስሚዝ፣ ተማሪዎቹ በብርዱ ወራት በቤት ውስጥ የሚጫወቱት ነገር እንዲፈልግላቸው ታዘዘ። እርሱም ኮክ የሚለቀምባቸውን ሁለት ቅርጫቶች ከፍ አድርጎ አሰቀለና ለጨዋታው 13 ሕጎች ጻፈለት።

በዚያው በአሜሪካ፣ በኮነቲከት ክፍል፣ ሃርትፎርድ በምትባለው ከተማ ደግሞ በ1860 ጥቂት ሴቶች በየመንገዱ የሚንከራተቱትን ልጆች ተመልክተው አንድ የልጆች ክበብ ከፍተው ነበር። ይህን የመሰሉ 53 ክበቦች በ1906 በቦስተን ከተማ ተገናኝተው አንድ ኅብረት አቆሙ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በትልቅ በጀትና በትልቅ ሕንፃ አይደለም። የተጀመረው፣ ወጣቱ ትርፍ ሰዓቱን የት ያሳልፋል ብለው በተጨነቁ ጥቂት ሰዎች ነው።

ነገር ግን ሎንዶንና ቦስተን ሩቅ ናቸው። ኑሯቸውም ከኑሯችን ይለያል ሊባል ይችላል። ስለዚህ ክበብ ምን ሊያስተምር እንደሚችል ለማየት ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ብንሻገር ይሻላል።

ከማታሬ ሸለቆ

ከናይሮቢ ከተማ መካከል ብዙ ሳይርቅ ማታሬ የሚባል ሸለቆ አለ። ድሮ ለከተማይቱ ሕንፃዎች ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ቦታ ነው። በኋላ ግን ወደ ከተማ የመጣው ድኻ ሕዝብ በቆርቆሮ፣ በጭቃና በእንጨት ጎጆ እየቀለሰ ሰፈረበት። ቤቶቹ እጅግ የተጠጋጉ ስለ ሆኑ በመካከላቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለማለፍ ይቸግረዋል። ቆሻሻ የሚያነሣ መኪና ስለማይገባ ጥራጊው በየደጁ ይከመራል፤ ዝናብ ሲዘንብም ቦዩን ይደፍነውና የረከሰው ውሃ በየቤቱ ይገባል። ከዚህ የተነሣ ሕፃናት በበሽታ ይጠቃሉ።

የማታሬ ልጆች ከዚህ ሁሉ ችግር መካከል ኳስ ይጫወቱ ነበር። የእኛ አገር ልጅ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ኳስ እንደሚሠራ ሁሉ፣ እነዚያም ላስቲክ በገመድ ጠፍረው ኳስ ያበጁ ነበር። በ1987 በአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ አማካሪ ሆኖ በናይሮቢ ይሠራ የነበረ ሚስተር ቦብ ሙንሮ የተባለ ካናዳዊ እነዚህን ልጆች ተመልክቶ፣ እውነተኛ ኳስና ዳኛ ያለበት ውድድር ቢዘጋጅላቸው ብሎ አሰበ። የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር የተመሠረተው በዚህ ምክንያት ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ አንድ የውጭ አገር ሰው ለድኻ ልጆች ኳስ የሰጠበት ተራ ታሪክ ይመስላል። እንዲህ ዓይነቱ ስጦታ ኳሱ እስኪተነፍስ ድረስ ይቆይና ይረሳል። በማታሬ ግን ከመጀመሪያው አንድ ደንብ ቆመ። ልጆቹ አንድ ነገር ቢሠሩ ማኅበሩም በበኩሉ አንድ ነገር ይሠራላቸዋል፤ ልጆቹ ምንም ባይሠሩ ማኅበሩም ምንም አይሠራላቸውም። ለማኅበሩ ረጅም ዕድሜ የሰጠው ይህ ደንብ ነው ብንል አንሳሳትም።

ነጥብ የሚያስገኝ አካፋ

ልጆቹ እንዲሠሩት የተጠየቀው ምን ነበር? ሰፈራቸውን ማጽዳት ነበር። እያንዳንዱ ቡድን ተራው ሲደርስ አካፋና መጥረጊያ ይዞ ይወጣል፤ ቦዩን ይጠርጋል፤ የተከመረውን ጥራጊ ያነሣል። የሚደነቀው ብልሃት ግን የሥራው ዋጋ የሚከፈልበት መንገድ ነው። አንድ ቡድን ጨዋታ ሲያሸንፍ ነጥብ እንደሚያገኝ ሁሉ፣ የጽዳት ተራውን በፈጸመ ጊዜም 6 ነጥብ በውድድሩ ሰንጠረዥ ላይ ይመዘገብለታል። ይህም ከአንድ ጨዋታ ድል የበለጠ ነው። ስለዚህ ጎበዝ አጥቂ ያለው ቡድን አካፋ ለመያዝ ከሰነፈ ዋንጫው ያመልጠዋል። በጨዋታ ደከም ያለው ግን በሥራ ሊቀድም ይችላል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ደንብ ትንሽ ቆም ብለህ አስበው። «ንጽሕና ለጤና ያስፈልጋል» የሚል ንግግር ለአንድ የ12 ዓመት ልጅ መቶ ጊዜ ቢነግሩት በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። የቡድኑ ደረጃ የሚወጣውና የሚወርደው በሰፈሩ ቦይ ንጽሕና መሆኑን ሲያይ ግን ማንም ሳይቀሰቅሰው ማልዶ ይነሣል። ደግሞም እናቶች በየደጃቸው ቆመው «የእኛ ልጆች» እያሉ ሲያዩት፣ ትናንት እንደ ዱርዬ ይታይ የነበረው ልጅ ክብር ምን እንደ ሆነ ይቀምሳል። አንድ ጊዜ ክብርን የቀመሰ ሰው በቀላሉ አይጥለውም።

ሥራቸውም ከሸለቆው አልፎ ተሰማ። በ1992 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአካባቢ ጥበቃ ክፍል «ግሎባል 500» የተባለውን ሽልማት ለማኅበሩ ሰጠ። በዚያ ጊዜ ማኅበሩ ከተመሠረተ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄዶም በውድድሩ የሚካፈሉት ልጆች ቍጥር ከአሥር ሺህ አልፏል።

ዳኛውም ልጅ፣ ሹሙም ልጅ

ይህን ያህል ልጅ የሚያስተዳድር ማን ነው? ብለን ብንጠይቅ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። የየሰፈሩን ውድድር የሚመሩት ራሳቸው ወጣቶቹ ናቸው። ተወካዮቻቸውን በምርጫ ይመርጣሉ፤ የጨዋታውን ፕሮግራም ያወጣሉ፤ ክርክር ሲነሣ ተሰብስበው ይወስናሉ። ታላላቆቹ ለታናናሾቹ አሠልጣኝና ዳኛ ይሆናሉ። ትምህርቱ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ፣ አንዱ አድጎ ሲወጣ ሌላው ቦታውን ይይዛል።

በሜዳው ላይ ያለው ሥርዓትም የራሱ ትምህርት አለው። ከቡድኑ አምበል በቀር ማንም ተጫዋች ከዳኛ ጋር መከራከር አይፈቀድለትም። ቀይ ካርድ የተሰጠው ተጫዋች ደግሞ ወደ ጨዋታ ከመመለሱ በፊት የትንንሽ ልጆችን ግጥሚያ እንዲዳኝ ይታዘዛል። ይህ ቅጣት ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ትናንት ዳኛውን «ዕውር ነህ» ብሎ የተሳደበ ጎረምሳ፣ ዛሬ ፉጨቱን በአፉ ይዞ ሃያ ሁለት ሕፃናት በአንድ ድምፅ ሲጮኹበት፣ ፍርድ መስጠት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በራሱ ላይ ያየዋል። ከቢጫውና ከቀዩ ሌላ አረንጓዴ ካርድም አለ። ይህኛው የሚሰጠው ለጥፋት ሳይሆን በጨዋታው ላይ መልካም ጠባይ ላሳየ ተጫዋች ነው።

ትጉ ወጣቶች የሚሸለሙትም ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ልጆችን በማሠልጠን፣ በጽዳት ሥራና በሌላም አገልግሎት ነጥብ ያከማቸ ወጣት፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይከፈልለታል። እንዲህ ሲሆን ኳሱ ወጣቱን ከትምህርት አላራቀውም፤ ይልቁንም ወደ ትምህርት መለሰው።

የእኅቶችስ ነገር?

ማኅበሩ በመጀመሪያ ዓመታት የወንዶች ብቻ ነበር። በ1992 ግን የሴቶች ልጆች እግር ኳስ ተጀመረ። ችግሩ ቀላል አልነበረም። ብዙ ወላጆች ሴት ልጃቸው ኳስ እንድትጫወት አልፈለጉም። ለዚህም ምክንያታቸው ልማድ ብቻ አልነበረም። ውሃ የምትቀዳው፣ ታናናሾቿን የምትጠብቀው፣ እራት የምታበስለው እርስዋ ስለ ሆነች፣ ከቤት ለሁለት ሰዓት ብትጠፋ ሥራው በእናትየው ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። «ክበባችን ለሁሉም ክፍት ነው» ብሎ በር ላይ መጻፍ አይበቃም። ሴት ልጅ የምትመጣበት ሰዓት ካልታሰበ፣ ወላጆችዋም ቀርበው ካልተነገራቸው፣ በሩ ለእርስዋ ተዘግቷል ማለት ነው። ክበብ የሚመሠርት ሰው ስለ ሜዳውና ስለ ወንበሩ ከማሰቡ በፊት፣ ያልመጣው ማን ነው? ለምንስ ቀረ? ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከኳስም ሌላ

ኳስ ልጆቹን የሰበሰበ ደወል ነበር እንጂ የማኅበሩ ፍጻሜ አልነበረም። የኤድስ በሽታ የማታሬን ቤተ ሰብ መበተን በጀመረ ጊዜ ማኅበሩ ወጣቶችን አሠልጥኖ እኩዮቻቸውን እንዲያስተምሩ አደረገ። በአገራችንም በየትምህርት ቤቱ የተቋቋሙት የፀረ ኤድስ ክበቦች ይህንኑ መንገድ ተከትለው እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ወጣት ከታላቁ አፍ የማይቀበለውን ምክር ከጓደኛው አፍ ይቀበላል።

በ1997 ደግሞ ላና ዎንግ የተባለች ፎቶግራፍ አንሺ ለ31 የማኅበሩ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ርካሽ የላስቲክ ካሜራ ሰጥታ ሥራውን አስተማረቻቸው። ልጆቹም ኑሯቸውን ራሳቸው በፎቶግራፍ አነሡ። ሥዕሎቹ ተሰብስበው በ1999 «ሹትባክ» በሚል ስም በመጽሐፍ ታተሙ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የማታሬን ልጅ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ከውጭ የመጣ ሰው ነበር። ያን ጊዜ ግን ልጁ ራሱ ከካሜራው በስተ ጀርባ ቆመ።

በኳሱም በኩል ቢሆን ያቦኩት ለእራት በቅቷል። በ1994 ከማኅበሩ የተወለደው ማታሬ ዩናይትድ የተባለው ቡድን በ1998 የኬንያን ታላቅ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ወሰደ፤ በ2000 ደገመው፤ በ2008 ደግሞ የአገሪቱ ሊግ አሸናፊ ሆነ። በዚህ ቡድን ውስጥ ይጫወት የነበረው ፍራንሲስ ኪማንዚ በኋላ የኬንያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ለመሆን በቅቷል።

ይህን ስንል ክበብ ሁሉን ችግር ይፈታል ማለታችን አይደለም። ማታሬ ከብዙ ዓመት በኋላም የድኾች ሰፈር ነው። የቧንቧ ውሃ፣ የቆሻሻ መውረጃና የሥራ ቦታ በክበብ ልጆች አካፋ አይገኝም፤ የመንግሥትና የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። ክበቡ የሰጠው፣ ችግሩን ቁጭ ብሎ ከማየት ይልቅ ተነሥቶ የሚይዝ ሰው ነው። ያም ትንሽ ነገር አይደለም።

ቤት ብቻ አያስተምርም

አንዳንድ ሰው «ወጣቱ የሚሰበሰብበት ቤት ይሠራ እንጂ ሌላው በራሱ ይመጣል» ይላል። ይህ አሳብ ምን ያህል እንደሚያሳስት የስዊድን አገር ታሪክ ይመሰክራል። በስዊድን ወጣቶች ማታ ማታ የሚሰበሰቡባቸው መዝናኛ ቤቶች በየከተማው ተሠርተው ነበር። ጠረጴዛ ቴኒስ፣ ቢሊያርድ፣ ሙዚቃና ሻይ ይገኝባቸዋል፤ ታላላቆች ቢኖሩም ሥራ አይሰጡም፤ ማንም የፈለገውን ሲያደርግ ያመሻል። ጆሴፍ ማሆኒና ሆካን ስታቲን የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁራን የ14 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 703 ልጆች መርምረው ውጤቱን በ2000 አሳተሙ። መሪ ባለው፣ ሰዓቱ በታወቀና ዓላማ ባለው ሥራ የሚካፈሉት ልጆች በጥፋት የሚገኙት ጥቂት ጊዜ ነበር። ሥርዓት በሌለው መዝናኛ ቤት የሚያመሹት ግን ከሌሎቹ ይልቅ በጥፋት ይገኙ ነበር።

በአገራችንም በብዙ ከተሞች የወጣት ማእከል የሚባል ቤት ተሠርቷል። ቤት መሠራቱ መልካም ነው። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ያለው የከረንቡላ ጠረጴዛ ብቻ ከሆነ፣ ወጣቱ ከመንገድ ወደ ጣሪያ ሥር ገባ እንጂ ምንም አልተማረም። ልዩነቱ ያለው ሥራና ኃላፊነት ለወጣቱ በመሰጠቱ ላይ ነው።

እንግዲህ ከማን እንጠብቅ?

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል አብዛኞቹ ተማሪዎችና በመሥሪያ ቤት ሥራ የጀመሩ ወጣቶች መሆናቸውን እናውቃለን። «ገንዘብ የለንም፣ ሥልጣን የለንም፣ ምን ልናደርግ እንችላለን?» የሚል አሳብ ሊመጣባችሁ ይችላል። ነገር ግን ጆርጅ ዊልያምስም የሱቅ ሠራተኛ እንጂ ባለጠጋ እንዳልነበረ አስታውሱ። ደግሞም እናንተ ሳታስቡት የያዛችሁት ሙያ አለ። ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ ደብዳቤ ወጪና ገቢ ማድረግ፣ የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ መቍረጥ፣ ፋይል ማደራጀት ለእናንተ የዕለት ሥራ ነው። ለሰፈራችሁ ልጅ ግን አይቶት የማያውቀው ጥበብ ነው።

የድርጅት ምሳሌ ከሩቅ መፈለግም አያስፈልግም። እናትና አባቶቻችን ዕድር ሲያቋቁሙ ሊቀ መንበር ይመርጣሉ፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይሰይማሉ፤ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣሉ፤ የቀረውን ይቀጣሉ፤ ሒሳቡን በጉባኤ ፊት ያስነብባሉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ማንም ከውጭ መጥቶ አላስተማራቸውም። የወጣቶች ክበብም በዚሁ መልክ ሊቆም ይችላል።

ለመጀመር የሚያስቡ ሁሉ አራት ነገር ቢጠብቁ መልካም ነው። አንደኛ፣ ክበቡ ሰፈሩ የሚያየው አንድ እውነተኛ ሥራ ይኑረው፤ አንድ ቦይ ማጽዳት፣ ለታናናሽ ተማሪዎች የማታ ጥናት ማስጠናት፣ ወይም በትንሽ ክፍል የመጻሕፍት መደርደሪያ አቁሞ ማስነበብ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ሹማምንቱ በምርጫ ይመረጡ፤ የሥራ ዘመናቸውም ይወሰን፤ አንድ ሰው ለዘላለም ሊቀ መንበር የሆነበት ክበብ የእርሱ ቤት እንጂ የወጣቶች ቤት አይደለም። ሦስተኛ፣ የተዋጣችው ገንዘብ አሥር ብርም ብትሆን ሒሳቧ በጽሑፍ በግልጽ ይቅረብ፤ በአሥር ብር ታማኝነትን ያልተማረ በአሥር ሺህ አይማረውም። አራተኛ፣ አንድ በሳል ሰው በአጠገብ ይኑር፤ ግን መሪውን ከልጁ እጅ አይንጠቅ። ልጁ ሲሳሳት ወዲያው ሥራውን ቀምቶ የሚሠራለት ሰው፣ ሥራውን ያሳምር ይሆናል፤ ልጁን ግን ያለ ትምህርት ያስቀረዋል።

ለዚህ ሁሉ ከእናንተ የሚፈለገው በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። ይህችም ሰዓት ቡና ቤት ተቀምጠን ስለ ወጣቱ መበላሸት ከምናወራበት ጊዜ ብትቀነስ ማንንም አትጎዳም።

ተረቱ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላል። የማታሬ ልጆች ግን አካፋውንም፣ ፉጨቱንም፣ ካሜራውንም በእጃቸው በሰጧቸው ጊዜ ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ለሰፈራቸውም የሚበቃ አቡክተዋል። በየሰፈራችን ያሉት ልጆችም እጅ አላቸው። ዱቄቱን የሚሰጣቸው ሰው ብቻ ይጠብቃሉ።